በመደርደሪያዎ ላይ ያሉትን ያልተነበቡ መጻሕፍት አንብቦ ለመጨረስ፦ ዝርዝር መመሪያ

ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር ባለው የአዲስ አበባ መካከል የሚኖር ወይም የሚሠራ ሰው መጽሐፍ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በአራት ኪሎ ዙሪያ የመጻሕፍት መደብሮች አሉ፤ በብሔራዊ ቴአትርና በለገሃር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ይሸጣሉ፤ አዟሪውም ክምሩን በክንዱ ታቅፎ ማኪያቶ እየጠጡ እስከ ተቀመጡበት ጠረጴዛ ድረስ ይመጣል። መግዛት እንዲህ ቅርብ በሆነበት ከተማ ማንበብ ወደ ኋላ መቅረቱ የሚጠበቅ ነው፤ ያልተነበቡት መጻሕፍትም ዓመት በዓመት እየበዙ ባለቤታቸውን ማሳቀቅ ይጀምራሉ።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት ጊዜ ማጣት ነው። ጊዜ በእርግጥ ይጠባል፤ ይሁን እንጂ ከዚያ የሚብስ ሌላ ምክንያት አለ። ማታ ደክሞ የገባ ሰው በመደርደሪያው ፊት ቆሞ የትኛውን እንደሚጀምር ሲያመነታ፣ አንዱን አንሥቶ ሁለት ገጽ ካነበበ በኋላ ዓይኑ ወደ ሌላው ሲሄድ፣ ለንባብ የነበረው ግማሽ ሰዓት በመምረጥ ያልቃል፤ በመጨረሻም እጁ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረቡት እርምጃዎች ሁሉ ዓላማቸው አንድ ነው፤ ይኸውም መምረጥንና ማንበብን መለየት ነው። ምርጫው አንድ ጊዜ፣ ባልደከመ አእምሮ፣ ደብተርና እርሳስ ተይዞ ይከናወናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ምሽት ሁሉ ለማንበብ ብቻ ይተርፋል።

ሁሉንም ማውረድና መመዝገብ

ሥራ የሌለበት አንድ እሑድ ይምረጡና መጻሕፍቱን ከመደርደሪያው ብቻ ሳይሆን ከቡፌው፣ ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሣጥን አናትና ከቢሮ መሳቢያ ሁሉ ሰብስበው ወደ አንድ ቦታ ያምጡ። የኪራይ ቤት ደጋግመው የቀየሩ ሰዎች፣ እንዲሁም በመልሶ ማልማት ምክንያት ከፒያሳና ከአካባቢው ተነሥተው ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ ቤተሰቦች፣ እስከ ዛሬ ያልተፈታ ካርቶን ሊኖራቸው ስለሚችል እርሱንም ይክፈቱ። በወላጆች ቤት የቀረ ወይም ለወዳጅ ያዋሱት መጽሐፍ ካለ በአካል ባይገኝም በዝርዝሩ ይግባ። የጸሎት መጻሕፍት፣ ዳዊትም ሆነ ቁርኣን፣ የሚነበቡት በሌላ ሥርዐት ስለሆነ በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገቡም።

መጽሐፉን ሲያነሡ በደረቅና ንጹሕ ጨርቅ አቧራውን ይጥረጉለት፤ ውኃ አይንካው። ከክረምት በኋላ ሻጋታ የታየበትን ለብቻው ለይተው፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ገጾቹን ገልጠው ካደረቁት በኋላ፣ ከቤት ውጭ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት። በቀጥታ ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ወረቀቱን ያደርቀዋል፤ ሙጫውንም ያስለቅቀዋል። ብል የገባበት መጽሐፍ ከሌሎቹ ጋር እንዳይመለስ ይጠንቀቁ።

ከዚያም ለያንዳንዱ ያልተነበበ መጽሐፍ በደብተሩ ላይ አንድ መስመር ይክፈቱ። ርእሱን፣ ደራሲውን፣ የገጹን ብዛትና ቋንቋውን ይጻፉ። በመጨረሻም መጽሐፉን ለምን እንደገዙት ወይም እንዴት እጅዎ እንደገባ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስቀምጡ። ይህን የመጨረሻውን ክፍል ብዙ ሰው ሊዘለው ይፈልጋል፤ ነገር ግን ከዝርዝሩ ሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው እርሱ ነው። «ስለ ጣሊያን ወረራ ዘመን የአዲስ አበባ ኑሮ ማወቅ ፈልጌ» ተብሎ የተመዘገበ መጽሐፍና «ሰው ሁሉ ሲያወራለት ሰምቼ» ተብሎ የተመዘገበ መጽሐፍ እኩል ክብደት የላቸውም። የመጀመሪያው ጥያቄ አለው፤ ጥያቄው ዛሬም በእርስዎ ውስጥ ካለ መጽሐፉ ይነበባል። ሁለተኛው ወሬው ሲያልፍ አብሮ የሚያልፍ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ጨርሶ ማስታወስ ካልቻሉ ቦታውን ባዶ ይተዉት፤ ባዶነቱም ራሱ ሲመርጡ ይረዳዎታል።

በዚሁ አጋጣሚ መጽሐፉ ሙሉ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ የተገዛ መጽሐፍ በመካከል ገጽ ሊጎድለው ይችላል፤ በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ የተሸጠ ደግሞ አንዳንድ ገጹ የደበዘዘ፣ ተገልብጦ የተጠረዘ ወይም ሁለት ጊዜ የገባ ይሆናል። የገጽ ቁጥሮቹን በፍጥነት ገለጥ ገለጥ እያደረጉ ይመልከቱ። በቅጽ ተከፋፍሎ የታተመ ሥራ ከሆነ አንደኛው ቅጽ በእጅዎ መኖሩን ያጣሩ፤ ሁለተኛውን ቅጽ በርካሽ አግኝቶ የመጀመሪያውን ለዓመታት ሲጠብቅ የሚኖር አንባቢ ጥቂት አይደለምና። የጎደለውን ገጽ ወይም ቅጽ ለማንበብ የመጀመሪያው መጠየቂያ ቦታ በተለምዶ ወመዘክር የሚባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ተቋሙ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን በአገር ውስጥ ከሚታተሙ ጽሑፎች ቅጂ እንዲረከብ በሕግ የተሰየመ በመሆኑ፣ ከገበያ የጠፋ የአማርኛ መጽሐፍ እዚያ የመገኘት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

መለየትና መተው

ዝርዝሩ ሲያልቅ ክምሩን ይለዩ። መዝገበ ቃላት፣ የሕግ መጻሕፍት፣ የምግብ አሠራርና የሕክምና መጠየቂያዎች ከዳር እስከ ዳር እንዲነበቡ የተዘጋጁ ስላልሆኑ ከዕዳው ይሰረዙ፤ ይህ ብቻውን ዝርዝሩን በሚታይ መጠን ያሳንሰዋል። ከአባት ወይም ከእናት የተወረሰ መጽሐፍም እንደ መታሰቢያ ይቀመጥ፤ ማንበብ ከፈለጉ መልካም ነው፣ ግን ግዴታ አያድርጉት። ተጀምሮ የቆመ መጽሐፍ ዕልባቱ ያለበትን ገጽ ይመልከቱ፤ ከግማሽ ካለፈና ታሪኩን የሚያስታውሱት ከሆነ ካቆሙበት ይቀጥላል፣ አለበለዚያ እንዳልተጀመረ ይቆጠር።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው መተው ነው። በእኛ ዘንድ መጽሐፍ የሚከበር ነገር በመሆኑ፣ ዋጋውም በየጊዜው እየጨመረ በመምጣቱ፣ አንዴ የተገዛን መጽሐፍ ሳያነቡ ማሰናበት ነውር ይመስላል። ይሁን እንጂ ዐሥር ዓመት አቧራ የለበሰው መጽሐፍ ሌላ አንባቢ እጅ ቢገባ ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የምክንያቱ ቦታ ባዶ የሆነውን ወይም ምክንያቱ ያለፈበትን መጽሐፍ ሁሉ ወስደው ከእያንዳንዱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያንብቡ፤ ለ300 ገጽ መጽሐፍ 30 ገጽ ማለት ነው። ቀደም ባሉት የአማርኛ መጻሕፍት መቅድሙና ምስጋናው ረጅም ስለሚሆን ፈተናው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ይጀምር፤ መቅድሙ አሰልቺ ስለሆነ ብቻ መልካም መጽሐፍ መጣል የለበትም። ከተባለው ገጽ በኋላ ቀጣዩን ለማወቅ የሚገፋፋዎት ነገር ከሌለ ይተዉት።

ለሚያሰናብቱት መጽሐፍ ተቀባዩን አስቀድመው ያስቡ። ለወዳጅ የሚሰጥ በስሙ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ለሰፈር ትምህርት ቤት ወይም ለወጣት ማዕከል የሚሰጥ ከሆነ ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሚቀበሉ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ ገጽ የጎደለውንና ለተማሪ የማይስማማውን ወስዶ መጣል ስጦታ አይባልም። አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች የሚከፍሉት ጥቂት ቢሆንም በልዋጭ የሚስማሙ አሉ፤ ነገር ግን አምስት ያልተነበቡ ሰጥቶ አምስት ሌላ ያልተነበቡ ይዞ መመለስ የተጀመረውን ሥራ ስለሚያፈርስ፣ በዚህ ወቅት ገንዘቡን መቀበል ይሻላል። ከእጅዎ ከመውጣቱ በፊት በገጾቹ መካከል የቀረ ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ ወይም ደረሰኝ እንዳለ ያራግፉ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰጪው የመታሰቢያ ጽሑፍ ካለም ለሌላ ከማሳለፍዎ በፊት ያስቡበት።

ዐሥሩን መምረጥና ቅደም ተከተል መስጠት

ከተረፉት ሁሉ ዐሥር ብቻ ይምረጡ። ቁጥሩን ማሳነስ ለምን እንዳስፈለገ በሒሳብ ማየት ይቻላል። በአማካይ 240 ገጽ ያላቸው 80 መጻሕፍት 19,200 ገጽ ይሆናሉ፤ በቀን 20 ገጽ ለሚያነብ ሰው ይህ 960 ቀን፣ ማለትም ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ነው። እንዲህ ያለ ዕቅድ ገና ሲታይ ያደክማል። ዐሥሩ ግን 2,400 ገጽ ብቻ ናቸው፤ በየቀኑ 20 ገጽ ከተነበበ በ120 ቀን ያልቃሉ፤ በመስከረም 1 የጀመረ ሰው በታኅሣሥ 30 ይጨርሳል። በሳምንት አምስት ቀን ብቻ ቢያነብም የካቲት አጋማሽን አልፎ በ18 ይደርሳል። ልደትና ጥምቀት፣ ለቅሶና ሠርግ የሚወስዱትን ቀን ጨምረው ሲያሰሉ የካቲት መጨረሻ ቢሉ እውነተኛ ግምት ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ አጭርና በእርግጥ የሚፈልጉት ይሁን። ከዐሥሩ ሁሉ ወፍራሙን መጀመር የብዙዎች ልማድ ነው፤ እኔ ግን አልመክረውም፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የመጨረስ ልምድ ስለሆነ ነው። ወፍራሙና ከባዱ መጽሐፍ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሆኖ ይግባ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ቀለል ያለ ልብ ወለድ ወይም የአጭር ልብ ወለዶች ስብስብ ይከተል። በአንድ ርእሰ ጉዳይ ላይ ሁለት መጽሐፍ ካለዎት፣ ለምሳሌ ሁለት የግለ ሕይወት ታሪኮች ስለ አንድ ዘመን የሚናገሩ ከሆኑ፣ አከታትለው ማንበብ እጅግ ይጠቅማል፤ የመጀመሪያው ያስተዋወቀዎትን ሰውና ስፍራ ሁለተኛው በሌላ ዓይን ያሳይዎታልና። ወሩንም ያስቡበት። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ዝናቡ ሰውን ቤት ስለሚያውለው ወፍራም መጽሐፍ ለዚያ ወቅት ይስማማል።

ዐሥሩን በተለየ ቦታ፣ ለምሳሌ ከአልጋው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ በሚነበቡበት ተራ ያስቀምጧቸው፤ የቀሩት ወደ መደርደሪያው ይመለሱ። ከዚህ በኋላ ተራው አይለወጥም። የሚፈቀደው ለውጥ ቀደም ሲል በተነገረው የአንድ ዐሥረኛ ፈተና መጽሐፉን መጣል ብቻ ነው፤ እርሱ ከተጣለ ቀጣዩ ይነሣል እንጂ ወደ መደርደሪያው ሄዶ ምትክ መፈለግ አይገባም። መመሪያው የሚቆመው ወይም የሚወድቀው በዚህ ሕግ ላይ ነው።

የዕለቱ ገጽ፣ ሰዓትና ስፍራ

20 ገጽ የተባለው ለምሳሌ ነው። የራስዎን ፍጥነት ለማወቅ በሦስት የተለያዩ ቀናት ሰላሳ ደቂቃ እያነበቡ ይለኩ፤ አንዱን ቀን በአማርኛ ልብ ወለድ፣ ሌላውን በታሪክ ወይም በፍልስፍና መጽሐፍ፣ ሦስተኛውን በእንግሊዝኛ። የሦስቱ ልዩነት ሰፊ ሊሆን ስለሚችል አማካዩን ሳይሆን ዝቅተኛውን ይያዙ፤ በከባዱ መጽሐፍ ሊፈጸም የሚችል የዕለት ገጽ በቀላሉ መጽሐፍም አያስቸግርም።

የንባቡ ሰዓት በየቀኑ አንድ መሆን አለበት። ለብዙ ሠራተኛ የሚሻለው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው፤ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፣ ስልኩም ገና አልጮኸም። ማታ ማንበብ የሚመርጥ ከእራት በኋላ ወዲያው ቢያነብ ይሻላል፤ አልጋ ውስጥ ገብቶ የተከፈተ መጽሐፍ ብዙ ገጽ አይሄድም። መብራት ሲጠፋ ንባቡ እንዳይቋረጥ በፀሐይ ኃይል ወይም በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፋኖስ ያዘጋጁ። የስልክ ባትሪ ብርሃን ገጹን ቢያሳይም ስልኩን እጅዎ ላይ ስለሚያኖረው ለዚህ ሥራ አይመረጥም።

ከዐሥሩ መካከል አንድ የቤት መጽሐፍና አንድ የቦርሳ መጽሐፍ መያዝ ይቻላል፤ ከሁለት በላይ ግን አይሁን። የቦርሳው መጽሐፍ ትንሽና ቀላል፣ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ በአጭር ክፍል የሚቋረጥ መሆን ይገባዋል፤ ግጥም፣ አጭር ልብ ወለድና ወግ ለዚህ የተመቹ ናቸው። ቀላል ባቡሩ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ቆሞ ለመያዝ እንኳ ስለሚያስቸግር እዚያ ብዙ አይጠብቁ፤ የታክሲ ወይም የአውቶቡስ ሰልፍ፣ የባንክ ወረፋና የቀጠሮ ጥበቃ ግን በየቀኑ ጥቂት ገጽ ይሰጣሉ። ቤቱ ልጅና እንግዳ የሚበዛበት ከሆነ የቤተ መጻሕፍት ጸጥታ ይረዳል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ሰፊ የማንበቢያ ስፍራ አለው፤ ወደ የትኛውም ቤተ መጻሕፍት የራስን መጽሐፍ ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ ግን በሩ ላይ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሮጌ የአማርኛ መጻሕፍት ሲያስቸግሩ

ከሁሉ ይልቅ ተገዝተው የሚቀመጡት ቀደም ባለው ዘመን የታተሙት መጻሕፍት ናቸው። አንባቢው በአክብሮት ይገዛቸዋል፤ ሲከፍታቸው ግን የግእዙ ጥቅስ፣ የጥንቱ ቃልና የረጅሙ ዐረፍተ ነገር አካሄድ ያስቆመዋል። ይህ በትንሽ ዝግጅት የሚቃለል ችግር ነው፤ ለነዚህ መጻሕፍት የሚከፈለው ድካምም ከሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። ረጅሙ ዐረፍተ ነገር በዓይን ሲታይ የተወሳሰበ ቢመስልም በጆሮ ሲሰማ ማረፊያው የት እንደሆነ ይታወቃል። የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ብዙ ሰው በጆሮው ያወቀው በዚህ ምክንያት ነው። መጽሐፉ በመደርደሪያዎ ላይ ሳይነበብ ተቀምጦ ከሆነ ትረካውን አንድ ምዕራፍ ያህል አዳምጠው ገጹን ቢገልጡ የአነጋገሩ ምት ይመራዎታል። መስማቱ ግን ማንበብን አይተካም።

ሁለተኛ፣ መዝገበ ቃላት አጠገብዎ ይኑር። በ1951 ዓ.ም. የታተመው የከሣቴ ብርሃን ተሰማ ሀብተ ሚካኤል መዝገበ ቃላት የታወቀውን የሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ስለሚከተል ለጀማሪ ይቀላል። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ግን የተደረደረው በአ፣ በ፣ ገ፣ ደ ተራ ስለሆነ፣ ይህን የማያውቅ አንባቢ ቃሉ የሌለ መስሎት ይዘጋዋል። ቃሉን በአንዱ ፊደል ሲያጡትም በሞክሼው ይፈልጉ፤ በሐ ያጡት በኀ ወይም በሀ፣ በሠ ያጡት በሰ ሊገኝ ይችላል። ያልገባዎትን ቃል ሁሉ እየቆሙ መፈለግ ግን ንባቡን ይገድለዋል። በእርሳስ ነጥብ አድርገውበት ይለፉ፤ ምዕራፉ ሲያልቅ ከነጥቦቹ መካከል ትርጉሙ ከአገባቡ ያልተገለጠልዎትን ብቻ ይፈልጉ።

ሦስተኛ፣ ዘመኑን ያስተካክሉ። በግእዝ አኃዝ የተጻፈውን ዓመት፣ ለምሳሌ ፲፱፻፶፩ የሚለውን፣ ሲያገኙ በዳሩ 1951 ብለው ይጻፉ። የአገር ውስጥ ጸሓፊና የውጭ ጸሓፊ ስለ አንድ ክስተት ሲጽፉ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የሚለያዩት በዘመን አቆጣጠሩ ምክንያት ነው፤ የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን በአውሮፓውያኑ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ሁለት የታሪክ መጻሕፍት አከታትለው ሲያነቡ ይህን በዳር መጻፍ ብዙ ግራ መጋባትን ያስቀራል።

በዚህ መካከል ስለ መግዛት

ዐሥሩ እስኪያልቁ ድረስ ጨርሶ አለመግዛት ለአንዳንዱ ይሆንለታል፤ ለብዙው ግን አይሆንም፤ ከልክሎ መጣስ ደግሞ ዕቅዱን ሁሉ ያስተዋል። የተሻለው መንገድ ሦስት መጽሐፍ ለጨረሰ አንድ እንዲገዛ መፍቀድ ነው። ስለ አንድ አዲስ መጽሐፍ ሲሰሙ ወይም አዟሪው ሲያሳይዎት ርእሱን በዚያው ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ከምክንያቱ ጋር ይመዝግቡ፤ ሦስተኛውን መጽሐፍ በጨረሱበት ቀን ዝርዝሩን ሲመለከቱ ምክንያቱ አሁንም የሚገፋፋዎትን አንዱን ይግዙ። እንደ ንባብ ለሕይወት ባለ የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ ቅናሽ ሲኖር ይህ ገጽ አብሮዎት ይሂድ። ከገበያ እየጠፋ ያለ አሮጌ መጽሐፍ በአጋጣሚ ካገኙ ግን ሳያመነቱ ይግዙት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ላያገኙት ይችላሉና።

መጽሐፍ ሲያልቅና ዐሥሩ ሲያልቁ

አንድ መጽሐፍ ሲጨርሱ በደብተሩ ላይ ቀኑን ይጻፉ፤ ከመነሻው ምክንያት ጎንም መጽሐፉ ለዚያ ጥያቄ ምን እንደመለሰ ሁለት ወይም ሦስት ዐረፍተ ነገር ያክሉ። በወሩ ለሚያገኙት አንድ ወዳጅ ይህንኑ በቃል ቢነግሩት ደግሞ ያነበቡት ይጸናል፤ መጽሐፉን ሊዋስዎት ከፈለገም ስሙንና ቀኑን መዝግበው ይስጡት።

ዐሥረኛው ካለቀ በኋላ በማግስቱ አዲስ አይጀምሩ። አንድ ሳምንት ያህል ይረፉና፣ ከመጀመሪያዎቹ ዐሥር መካከል ስንቱን እንደጨረሱ፣ ስንቱን እንደጣሉና የዕለቱ ገጽ ይበዛብዎ ወይም ያንስዎ እንደነበር ደብተሩን አይተው ይመርምሩ። የጣሏቸው ሁሉ ከአንድ ዓይነት ከሆኑ፣ ለምሳሌ ሁሉም የንግድ ምክር መጻሕፍት ከሆኑ፣ በመደርደሪያው የቀሩትን የዚያ ዓይነት መጻሕፍት እንደገና ይፈትሿቸው፤ በብዛት የሚሰናበቱ ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚያም የዕለቱን ገጽ በተገኘው ልምድ አስተካክለው ሁለተኛውን ዐሥር ይምረጡ፤ አጭሩንና በጣም የሚፈልጉትን አሁንም ከፊት ያስቀድሙ።